አውቶማቲክ ካምቢዮ ዕድሜው ስንት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ የዓባይን በረሃ ወረድን፤ ድልድዩንም ተሻገርን። ወደ ደጀን የሚያወጣውን አቀበት ከእኩሌታው በላይ እንደ ወጣን መኪናችን ቆመች። ሞተሯ ግን አልጠፋም። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጧት ሞተሯ ይጮኻል፤ ጎማዋ ግን አይዞርም። ጥቂት ቆይቶ ከሥሯ የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ።

መኪናዪቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት የሆነች ትልቅ የመስክ መኪና ነበረች። ባዶዋን ከ2 ቶን በላይ የምትመዝን ስትሆን በዚያን ቀን ደግሞ ከእኛ ሌላ ብዙ ዕቃ ተጭኖባት ነበር። ከዕቃው ሁሉ የሚያሳስበው የክትባት መድኃኒት የያዙት ሦስት የበረዶ ሣጥኖች ነበሩ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በዓባይ በረሃ ቀትር ላይ መቆም ለእንዲህ ያለ ጭነት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢያችን ይረዳዋል።

ከእኛ ጋር ይጓዝ የነበረው፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የጀመረ ወጣት፣ ሹፌሩን «ጋሼ፣ ይህች መኪና እስከ ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?» ሲል ጠየቃቸው። ሹፌሩም በእጃቸው የያዙትን የዘይት መለኪያ በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ኪሎ ሜትሩን ብነግርህ ምን ይጠቅምሃል? ይህ ካምቢዮ ስንት ጊዜ እንደ ነደደ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ነበር እንጂ። ከእኔ በፊት ሦስት ሹፌሮች ይዘዋታል። ዘይቱ መቼ እንደ ተቀየረ ጽፎ ያስቀመጠ ግን አንድም የለም» አሉት። በጨርቁ ላይ የቀረው ዘይት ጥቁር ነበር።

ይህ መልስ ከዚያ ወዲህ ከአእምሯችን አልጠፋም። ትልልቅ አውቶማቲክ መኪናዎችና ፒክአፖች በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት በሚታዩበት በዛሬው ጊዜ ካምቢዮአቸው ስንት ዓመት ይኖራል የሚለው ጥያቄ በየጋራዡና በየመሥሪያ ቤቱ ይነሣል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተለመደው መልስ

ባለሙያዎች በተለምዶ የሚሰጡት ግምት ከ240,000 እስከ 320,000 ኪሎ ሜትር ነው። ይኸውም በሚገባ ለተያዘ የትልቅ መኪና ካምቢዮ ነው። ክብካቤ ያጣው ግን 160,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሊሞት ይችላል። ከ400,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይከፈት የሚያገለግልም አለ።

እንግዲህ አንባቢያችን ይህን ሲያነብ «ከ160,000 እስከ 400,000 የሚል መልስ እንዴት መልስ ይባላል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መኪናዎችን እናስብ። አንደኛው በሜዳ ላይ በተዘረጋ አውራ ጎዳና በአንድ ፍጥነት ሲመላለስ ኖረ። ሁለተኛው ግን ተሳቢ እየጎተተ ተራራ ሲወጣ፣ በከተማ ውስጥ በየመቶ ሜትሩ ሲቆምና ሲነሣ ኖረ። የሁለቱ የኪሎ ሜትር ቁጥር አንድ ቢሆንም የካምቢዮአቸው ዕድሜ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ካምቢዮን የሚያስረጀው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ሌላ ነገር መሆን አለበት። ያ ሌላ ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ መሣሪያው ከየት እንደ መጣና በምን ኃይል እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ከመርከብ የተወለደ መሣሪያ

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ልብ የሆነው ክፍል መጀመሪያ የታሰበው ለመኪና አልነበረም። ሄርማን ፌቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በሽቴቲን ከተማ በሚገኘው የቩልካን የመርከብ ፋብሪካ ሲሠራ አንድ ችግር ገጠመው። በእንፋሎት የሚሠራው ተርባይን እጅግ ፈጣን ነው፤ መርከቡን የሚገፋው መቅዘፊያ ግን ዝግ ብሎ ሊዞር ይገባዋል። ሁለቱን በብረት ጥርስ ማገናኘት በዚያን ጊዜ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ፌቲንገር በፈሳሽ አገናኛቸው። ለዚህም የፈጠራ መብቱን በ1905 አስመዘገበ።

አሠራሩን ለመረዳት የውኃ ወፍጮን ማሰብ ይበቃል። የወንዙ ውኃ የወፍጮውን መንኰራኵር ሲመታው መንኰራኵሩ ይዞራል። በመርከቡ መሣሪያ ውስጥ ወንዙን ራሱን የሚፈጥረው ሞተሩ ነው። በሞተሩ የሚዞር አንድ ክንፋም ጎማ ፈሳሹን በኃይል ይወረውረዋል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሌላ ክንፋም ጎማ ደግሞ በፈሳሹ እየተመታ ይዞራል። ሁለቱ ጎማዎች አይነካኩም። በመካከላቸው ያለው ሦስተኛው ክንፍ ተመላሹን ፈሳሽ አቅጣጫ እያስያዘ ጉልበቱን ያበዛዋል። መካኒኮቻችን ኮንቨርተር የሚሉት ይህንኑ ነው።

የፈሳሹ አሠራር ወደ መኪና በሰፊው የገባው አሜሪካ ውስጥ ነው። ጄኔራል ሞተርስ፣ በመሐንዲሱ በኧርል ቶምሰን መሪነት የተሠራውንና ሃይድራማቲክ የተባለውን ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1939 ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል አቀረበ። ገዢው ለዚህ ምቾት የሚጨምረው ዋጋ 57 ዶላር ነበር። ሃይድራማቲክ ሁለቱን ክንፋም ጎማዎች ብቻ የያዘ ነበር፤ ጉልበት አብዢው ሦስተኛው ክንፍ በአሜሪካ የቤት መኪናዎች ላይ በሰፊው የታየው በ1948 ቢዊክ ዳይናፍሎ የተባለውን ካምቢዮ ካወጣ ወዲህ ነው።

ሃይድራማቲክ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባድ ፈተና አመጣለት። ኤም 5 ስቱዋርት የተባለው ቀላል ታንክ በሁለት የካዲላክ ሞተሮችና በሁለት ሃይድራማቲክ ካምቢዮዎች ይሠራ ነበር። የቤት መኪና ምቾት ተብሎ የተሠራው ዕቃ የጦር ሜዳን ጭቃና ክብደት መቻሉ ብዙዎችን አስገረመ። ከዚህ ወዲህ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከባድ ሥራ አይችልም የሚለው ወሬ እየቀነሰ ሄደ።

ዘይቱ ምን ይሠራል?

በባለ ማርሹ መኪና ውስጥ ዘይት ጥርሶችን ከማለስለስ ያለፈ ሥራ የለበትም ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። በአውቶማቲኩ ውስጥ ግን ዘይቱ አራት ሥራ አለበት። አንደኛ፣ በኮንቨርተሩ ውስጥ የሞተሩን ጉልበት ተሸክሞ ያስተላልፋል። ሁለተኛ፣ በግፊቱ ማርሽ ይቀይራል። ሦስተኛ፣ ብረትን ከብረት ፍትጊያ ይጠብቃል። አራተኛ፣ በውስጥ የሚፈጠረውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል።

ማርሹ የሚቀየረው እንዲህ ነው። በመካከል ፀሐይ የምትባል ጥርስ አለች፤ በዙሪያዋ ፕላኔት የሚባሉ ትናንሽ ጥርሶች ይዞራሉ፤ ከውጭ ደግሞ ትልቅ ቀለበት ይከባቸዋል። ከሦስቱ አንደኛው ተይዞ ሲቆም የሌሎቹ አዟዟር ይለወጣል፤ ማርሽም ተቀየረ ማለት ነው። ይዘው የሚያቆሙት የፍሪሲዮን ሸራዎች ናቸው። እነዚህ ሸራዎች ፊታቸው ከወረቀት ጋር በሚቀራረብ ስስ ነገር የተለበጠና በሙጫ የተያያዘ ሲሆን ዘወትር በዘይት ውስጥ ይኖራሉ። የዘይቱ ግፊት ሲጫናቸው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ሲለቃቸው ይለያያሉ።

እንግዲህ ከዚህ ዘይት የሚፈለገው ነገር እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ለጥርሶቹ የሚያንሸራትት፣ ለሸራዎቹ ግን የሚያስይዝ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ዘይት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ በ1949 ታይፕ ኤ ብሎ ባወጣው የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ይህን ጠባይ ለመስጠት ከገቡት ነገሮች አንዱ ስፐርም ከተባለው ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ዓሣ ነባሪውን ከመጥፋት ለማዳን ሕግ ስታወጣ ኬሚስቶች ምትክ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የካምቢዮ ዘይት ማንኛውም ቀይ ዘይት ነው ብሎ ከሱቅ ያገኘውን የሚጨምር ሰው ይህን ታሪክ ማስታወስ አለበት። መጽሐፉ ያዘዘውን እንጂ ቀለሙ የተመሳሰለውን ዘይት መጨመር ሸራዎቹን ማታለል ነው።

የካምቢዮ ትኩሳት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ኮንቨርተሩ ጉልበት የሚያስተላልፈው በፈሳሽ ስለ ሆነ ሁልጊዜ ጥቂት መንሸራተት አለው። ያመለጠው ጉልበት ደግሞ ወዴትም አይሄድም፤ ሙቀት ሆኖ በዘይቱ ውስጥ ይቀራል። መኪናዪቱ በእኩል ፍጥነት ስትሄድ መንሸራተቱ ትንሽ ነው። በዛሬዎቹ ካምቢዮዎችም ውስጥ ሁለቱን ክንፎች አንድ ላይ የሚቆልፍ ፍሪሲዮን ስላለ በሜዳ መንገድ ላይ መንሸራተቱ ከናካቴው ሊቀር ይችላል። ይህንን ቁልፍ ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1949 በመኪናዎቹ ላይ አውሎት ነበር። ከባድ ጭነት ተይዞ በዝግታ አቀበት ሲወጣ ግን ቁልፉ ይከፈታል፤ መንሸራተቱም ይበዛል። ጎማዎቹ በጭቃ ተይዘው ፈጽሞ መዞር ሲያቅታቸውና ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ደግሞ ወደ ኮንቨርተሩ የሚገባው የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ዘይት ማሞቂያ ይሆናል።

ሙቀቱ በዘይቱ ላይ የሚያደርገውን መካኒኮች በአንድ የቆየ ልማዳዊ ስሌት ይገልጹታል። ዘይቱ በ80 ዲግሪ ገደማ ሲሠራ 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ በየ11 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላሉ። በዚህ ስሌት በ91 ዲግሪ 80,000፣ በ102 ዲግሪ 40,000፣ በ113 ዲግሪ 20,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱ ለቀድሞዎቹ ዘይቶች የወጣ ነው፤ የዛሬዎቹ የተሻሻሉ ዘይቶች ሙቀትን ይበልጥ ይችላሉ። የነገሩ አካሄድ ግን ያው ነው። ዘይቱ ሲጋል ይጠቁራል፣ ይከረፋል፣ የማስያዝ ጠባዩን ያጣል። ሸራዎቹ መንሸራተት ይጀምራሉ። ሲንሸራተቱም ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራሉ። ያም ሙቀት የቀረውን ዘይት ያቃጥላል። በሽታው ራሱን እየመገበ ያድጋል።

እንግዲህ በዓባይ በረሃ የደረሰብንን በዚህ እውቀት እንመርምረው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። ወደ ታች በወረዱ መጠን አየሩ ይሞቃል፤ አየሩ ከሞቀ የማቀዝቀዣው ሥራ ይከብዳል። ስለዚህ መኪናዪቱ ከፍተኛውን አቀበት የጀመረችው ሙቀቱ በበረታበት ሥፍራ ላይ ነበር። ጭነቷ ከባድ፣ ፍጥነቷ ዝግ ያለ፣ ዘይቷ ያረጀ ነበር። የገደላት ያ ቀን ብቻ አልነበረም። በዚያ መንገድ፣ በሊማሊሞና በጣርማበር አቀበቶች፣ በአዲስ አበባም የመኪና ሰልፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ጋለች የመዘገበላት ሰው ስላልነበረ እንጂ በሽታዋ የቆየ ነበር።

«የዕድሜ ልክ ዘይት» የሚባለው ነገር

አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች የካምቢዮ ዘይት ለዕድሜ ልክ የተሞላ ነው፤ መቀየር አያስፈልገውም ይላሉ። በአንዳንዶቹ ላይ የዘይት መለኪያው ዘንግ እንኳ ቀርቷል። ይህ ቃል ሲነገር «የማን ዕድሜ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መኪናውን አዲስ ገዝቶ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሚሸጠው ሰው ዘይቱ በእውነት የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። መኪናውን ከሦስተኛ ወይም ከአራተኛ እጅ ለሚገዛው ሰው ግን ያ ዕድሜ ያለቀው እርሱ ሳይመጣ ነው።

በ1915 ለዜፔሊን አየር መርከቦች የጥርስ ማርሽ ለመሥራት በፍሪድሪሽስሃፈን የተቋቋመው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ኩባንያ ዛሬ ለብዙ የመኪና ፋብሪካዎች አውቶማቲክ ካምቢዮ ይሠራል። ከእነዚህ ፋብሪካዎች መካከል ዘይቱን የዕድሜ ልክ የሚሉት አሉ። ካምቢዮውን የሠራው ዜድ ኤፍ ራሱ ግን ዘይቱ በየ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየ8 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል። ሻጩና ሠሪው ሁለት ነገር ሲናገሩ ብልህ ሰው የሚሰማው ሠሪውን ነው።

በተጨማሪ በመኪና መጽሐፎች ውስጥ ብዙ ሰው ሳያነብ የሚያልፈው «ከባድ አገልግሎት» የሚል ክፍል አለ። ተሳቢ ለሚጎትት፣ በተራራና በአቧራማ መንገድ ለሚሄድ፣ በሞቃት አገር ለሚሠራ፣ በከተማ ውስጥ ቆም ሄድ ለሚያበዛ መኪና የዘይት መቀየሪያው ጊዜ እንዲያጥር ያዛል። የአገራችን መኪና ከእነዚህ ከአንዱ የሚያመልጥበት ቀን ስንት ነው?

ረጅም ዕድሜ ያላቸው

ካምቢዮ ሁሉ አጭር ዕድሜ አለው ብለን አንባቢያችንን ልናስፈራ አንፈልግም። ጄኔራል ሞተርስ በ1964 ያወጣው ቱርቦ ሃይድራማቲክ 400 የተባለው ባለ 3 ማርሽ ካምቢዮ በጥንካሬው ስመ ጥር ሆኖ በካዲላክም፣ በሮልስ ሮይስም፣ በጭነት መኪናም ላይ ሠርቷል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሀምቪ የተባለውን መኪና በ1980ዎቹ ሲያሠራም ይህንኑ ካምቢዮ መርጧል። ማርሹ ጥቂት፣ ዕቃው ወፍራም ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ አሊሰን ነው። ጄምስ አሊሰን በ1915 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ለእሽቅድምድም መኪናዎች ያቋቋመው ጋራዥ በ1929 ወደ ጄኔራል ሞተርስ ተዛወረ፤ በ2007 ደግሞ ተሸጦ ራሱን ቻለ። ካምቢዮዎቹ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ቆመው በሚነሡ የቆሻሻ መኪናዎች፣ በእሳት አደጋ መኪናዎችና በአውቶቡሶች ላይ ይሠራሉ። ከእነዚህ ሥራዎች የሚከብድ አይገኝም። ነገር ግን ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ ተገጥሞላቸዋል። በዘመናዊዎቹ ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የዘይቱንና የማጣሪያውን ቀሪ ዕድሜ እየገመተ ለሹፌሩ ያሳየዋል። የዕድሜው መለኪያ ሥራው እንጂ የመንገዱ ርዝመት እንዳልሆነ ፋብሪካው ራሱ ተቀብሏል ማለት ነው።

ዛሬ ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ በጋራ አጥንተው ከ2017 ሞዴል ጀምሮ ያወጡት ካምቢዮ 10 ማርሽ አለው፤ በ2021 የወጣው ላንድክሩዘር 300ም እንዲሁ። የማርሹ መብዛት ሞተሩ በተመቸው ፍጥነት እንዲሠራና ነዳጅ እንዲቆጥብ ይረዳል፤ ኮንቨርተሩም ቶሎ እንዲቆለፍ ያደርጋል። በሌላ በኩል የሸራው፣ የቫልቩና የኤሌክትሪኩ ብዛት ጥገናውን ውድና ረቂቅ ያደርገዋል። ስለዚህ አዲሱ ካምቢዮ ከአሮጌው ይልቅ ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል።

ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ምክር ዘይቱን ማየት ነው። መለኪያ ያለው ከሆነ መጽሐፉ እንዳዘዘው ሞተሩ ሲሞቅ ይታይ። ጤናማ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይና ጠረኑ ቀላል ነው። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ይየው። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከታየ ደግሞ የራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ውኃ የሸራውን ሙጫ ስለሚፈታው መኪናው ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ መነዳት የለበትም።

ሁለተኛው ሙቀቱን መከላከል ነው። በረጅም አቀበት ላይ ካምቢዮው በሁለት ማርሽ መካከል እየተመላለሰ ከተቸገረ ሹፌሩ ራሱ ዝቅተኛውን ማርሽ ይያዝለት። በቁልቁለትም ዝቅተኛ ማርሽ መያዝ ፍሬኑን ያድነዋል። ሙቀቱ ከበዛ ከመንገድ ወጣ ብሎ መቆም፣ ሞተሩን ግን አለማጥፋት ይገባል፤ ዘይቱ በማቀዝቀዣው ውስጥ እየዞረ የሚበርደው ሞተሩ ሲሠራ ነውና። በጭቃ የተያዘን መኪና ነዳጅ እየረገጡ ማስጮኽ ይቅር፤ አካፋና ድንጋይ ከአዲስ ካምቢዮ ይረክሳሉ። መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም የኋላ ማርሽ ማስገባትም ሸራውን ይበላዋል።

ሦስተኛው ምክር ያገለገለ መኪና ለሚገዙ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር ይባላል። መኪናውን ሞተሩ ሳይሞቅ አንድ ጊዜ፣ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ መንዳት ያስፈልጋል። ማርሽ ሲገባ ቆይቶ የሚነሣ፣ በመቀያየር ጊዜ ሞተሩ የሚጮኽበት ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም አይረክስም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። «ዘይቱን አስቀይሬ ካምቢዮዬ ሞተ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነቱ ግን በሽተኛው ከሞት አፋፍ ላይ ሐኪም ቤት እንደ ደረሰ ሰው መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ዘይቱን የሚያስቀይሩት ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሸራው አልቋል፤ አዲስ ዘይት ያለቀ ሸራ አያበቅልም። ሰው ግን ሐኪሙን ይከሳል። በሌላ በኩል፣ አንድ ጊዜ ከታች ሲፈስስ የሚወጣው ዘይት ከጠቅላላው ከእኩሌታ የሚያንስ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ የቀረው በኮንቨርተሩ ውስጥ ተደብቆ ይኖራልና። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት መቀየር፣ ዘግይቶ በአንድ ጊዜ ከመደንገጥ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ለወጣቱ ሠራተኛ

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ኮንቨርተርም የሚቀያየር ማርሽም የላቸውም፤ ሞተራቸው በአንድ የጥርስ ቅንብር ጎማውን ያዞራል። ስለዚህ የዛሬ ጽሑፋችን አንድ ቀን የታሪክ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቀድመው የገቡት ትልልቅ የመስክ መኪናዎች አገልግሎታቸውን አልጨረሱም፤ ብዙ ሐኪም፣ ብዙ መምህር፣ ብዙ የግብርና ሠራተኛ በእነርሱ ይጓዛል። ምትካቸው በቀላሉ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ዕድሜያቸውን ማስረዘም ከቀድሞው የበለጠ ግዴታ ነው።

የግል መኪና ባለቤት አለው፤ ሲታመም ኪሱን ያመዋል። የመሥሪያ ቤት መኪና ግን ከሹፌር ወደ ሹፌር፣ ከኀላፊ ወደ ኀላፊ ይተላለፋል። ቁልፉ ሲተላለፍ ታሪኩ አይተላለፍም። ነገ የመኪና ምደባ ላይ የሚፈርሙት የዛሬ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ናቸው። በርክክቡ ጊዜ ጎማውንና መለዋወጫውን ከመቁጠር ጋር «የካምቢዮ ዘይቱ መቼ ተቀየረ? የት ተጻፈ?» ብለው ቢጠይቁ ለአገር ብዙ ገንዘብ ያተርፋሉ። ለዚህም መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል።

በዚያን ቀን በዓባይ አቀበት ላይ የክትባቱ ሣጥኖች በአንድ ሚኒባስ ባለቤት ደግነት ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ወጣቱ ባልደረባችን ሣጥኖቹን ታቅፎ ሄደ፤ በረዶውም ሳይሟሟ አስረከበ። እኛ ከሹፌሩ ጋር ቀረን። ሹፌሩ ካምቢዮው እየዞረ ይበልጥ እንዳይጎዳ፣ ኃይል ወደ ጎማ የሚያስተላልፈውን ዘንግ ከፈቱ በኋላ አንድ የጭነት መኪና እስከ ደጀን ጎተተን።

ማታ ደጀን ላይ ሻይ ስንጠጣ ወጣቱ ስልክ ደወለ። ክትባቱ በደኅና መድረሱን ከነገረን በኋላ፣ «ጋሼ፣ በየሣጥኑ ውስጥ ሙቀት መለኪያ ነበረ፤ ሲረከቡኝ መጀመሪያ ያዩት እርሱን ነው» አላቸው። ሹፌሩም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው ለመኪናዪቱም እንዲሁ ይደረግላት» ብለው መለሱለት። በማግስቱ ጧት ከአንድ ሱቅ ባለ 50 ገጽ ደብተር ገዙ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑን፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥርና የደረሰውን ጉዳት ጻፉ። ከሥሩም «አዲስ ዘይት የተሞላበት ቀን» ብለው ባዶ መስመር ተዉ።